የስንዱ ፊት

ቡሬ አጠገብ፣ መስከረም 8 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለያይኔአበባ
ላይፕዚግ፣ ምሥራቅ ጀርመን

ክረምቱን ያሻገረን አምላክ አንቺንም በሰው አገር ያሻግርሽ። የእናትሽ አጎት ይሄይስ ነኝ። ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጤፉ ዘንድሮ ቁመቱ ጥሩ ነው፤ ፍሬውን ግን ሳይወቃ አላምንም። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው እንደሌለ ታውቂያለሽ፤ ብቻዬን ተማርኩት፤ ስለዚህ ማንም አላነበበውም፤ አንቺም ለማንም አታንብቢው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የልጄን የንብረትን ልጅ ስንዱን ታስታውሻታለሽ። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ስትወልዳት እንደሞተች ታውቂያለሽ። አባቷ ከዘመተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ስለ እሱ የምጽፈው ነገር የለኝም። ከእኔ ሌላ ሰው የላትም፤ እኔ ደግሞ ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ነገ ብሞት ደጇን የሚዘጋላት የለም። ስለዚህ ደምበጫ አጠገብ ላሉ ደህና ገበሬዎች ልጅ፣ ለመንበሩ፣ ሰጥቻታለሁ። ሠርጉ ለጥር ነው።

ያስቸገረን ፊቷ ነው። ከዐቢይ ጾም ወዲህ ግንባሯ፣ አፍንጫዋና አገጯ በቅባት ያብረቀርቃል። ጧት ታጥባ ከብቱ ከበረት ሳይወጣ ተመልሶ ይወዛል። ከወዙ ሥር ደግሞ ጤፍ ጤፍ የሚያህል ነገር ወጥቶባታል። መግል የለውም፤ አያማትም፤ ግን ሲዳስሱት አሁን እንደተወቀረ ወፍጮ ይሻክራል። አንዳንዱም ጫፉ ጥቁር ነው። እኔ ለጋ ቅቤ አዘዝኩ። ቅቤ ያላለሰለሰው ነገር አላውቅም። ራሷንም ፊቷንም እየተቀባች ከሐምሌ ጀምሮ ከረመች። አልለቀቃትም፤ ጭራሽ ወደ ጉንጯ ወረደ።

በዚህ ቢቆም ባልጻፍኩልሽ። በፍልሰታ ፍቺ የመንበሩ አክስት ገላነሽ ቤተ ክርስቲያን ላይ አየቻት። አገሩ የሚያብረቀርቅና የሚሻክር ፊት ሲያይ ምን እንደሚያስብ ታውቂያለሽ፤ ስሙን አልጽፈውም። ሴትዮዋ ለጎረቤቷ፣ «የቅቤ ወዝ በውሃ ይለቃል፤ ከአጥንት የመጣ ወዝ ግን በምን ይለቃል?» ብላለች። ቃሉ በሁለተኛው ቀን እኔ ዘንድ ደረሰ።

በዘራችን የለም። ይህን እወቂ።

አንቺ የመድኃኒት ቅመማ ትማሪያለሽ። የውጭ አገር ማኅተም ያለበት፣ «ይህ ያ በሽታ አይደለም» የሚል ወረቀት ላኪልኝ። ገንዘብ አትላኪ። ወረቀቱ ከታኅሣሥ በፊት ይድረሰኝ።

ይሄይስ ቢሰጥ


ላይፕዚግ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለአያ ይሄይስ

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። ጤፉ እንዳማረ ቆሞ፣ እንዳማረ ይታጨድልዎ። እዚህ ብርዱ ጀምሯል፤ ፀሐይ የምናየው እንደ እንግዳ ነው። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንደጻፉልኝ ከሆነ የስንዱ ነገር ብጉር ነው። በእሷ ዕድሜ ቆዳ ብዙ ቅባት ያወጣል። ቅባቱ የሚወጣባት ቀዳዳ ከመርፌ ጫፍ ያነሰች ናት። አፏ ሲደፈን ቅባቱ ከሥር ይጠራቀምና ጤፍ የሚያህለውን ይፈጥራል። ጥቁሩ ጫፍም እድፍ አይደለም፤ የደረቀ ቅባት ነፋስ ሲያገኘው ይጠቁራል። ቅቤው ግን፣ አያ፣ በተደፈነ ምንጭ ላይ ጭቃ እንደ መጨመር ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና ያስቁሙት። በራሷ ላይ ያለውም በግንባሯ ይወርዳልና እሱም ይቅር።

ጧትና ማታ ለብ ባለ ውሃና በገላ ሳሙና በእጇ ብቻ ትታጠብ፤ በልብስ ሳሙና አይሁን። አትፈትገው፤ በጥፍሯም አታፍርጠው። ፊቷን የሚነካውን ነጠላ ቶሎ ቶሎ ትጠበው። ለውጥ የሚታየው በስድስትና በስምንት ሳምንት ነው፤ ከዚያ በፊት ምንም ባያዩ ተስፋ አይቁረጡ። ከድኝ የሚሠራ ቅባት አለ፤ ሰው ሳገኝ እልካለሁ።

ወረቀቱን ግን መላክ አልችልም። ገና ተማሪ ነኝ፤ ልጅቷንም አላየኋትም። ሥጋ ደዌ አለመሆኑን ማወቅ ከባድ አይደለም። በሥጋ ደዌ የተያዘ ቆዳ ይደነዝዛል፤ ቅንድብ ይረግፋል። ዓይኗን ጨፍና በጥጥ ክር ፊቷን ሲነኳት ይሰማት እንደሆነ ጤና ረዳት በአንድ አፍታ ይለየዋል። እባክዎ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይውሰዷት።

ሌላ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ አያቴ እናኑ በንዳድ እንደሞተች ነግራኝ ነበር፤ የት እንደተቀበረች ግን አታውቅም ነበር። ለእኅትዎ ተዝካር የምትሆን ትንሽ ነገር ልልክ አስቤያለሁና የቤተ ክርስቲያኑን ስም ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ያይኔአበባ


ኅዳር 28 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለያይኔአበባ

የምትውይበት ቤት ጣራው አያፍስስ። ደብዳቤሽ ተከፍቶ ነው የደረሰኝ፤ አንብበው አሽገውታል። ስለ ብጉር ማንበባቸው አላስከፋኝም።

ቅቤውን አስቁሜያለሁ። አንቺ ስላልሽ ሳይሆን የተደፈነ ምንጭ ያልሽው ነገር እውነት ስለሆነ ነው፤ ምንጭ አውቃለሁ። በጥጥ ክር የሚሆነውንም ራሴ አድርጌዋለሁ። ስንዱን ዓይኗን አስጨፍኜ በክሩ ነካኋት።

«የት ነው?» አልኳት።

«አፍንጫዬ ላይ።»

«አሁንስ?»

«ጆሮዬ ሥር። አባባ፣ ዝንብ ነው እንዴ የምታስመስለው?» ብላ ሳቀች።

ሁሉም ይሰማታል። ቅንድቧም አልተነካም። ስለዚህ እኔ አውቄዋለሁ፤ ሆስፒታል አያስፈልግም። እዚያ ሰልፍ ላይ ስትቆም የሚያያት ሰው ምን ብሎ እንደሚመለስ አንቺ ረስተሽዋል። ወሬው እኛ ቤት ሳንገባ ደምበጫ ያድራል።

ያልሽው ሳሙና ግን የማይረባ ነው። ከቡሬ አስመጣሁ፤ ሁለት ሳምንት ታጠበችበት፤ ወዙ እንዳለ ነው። ስድስትና ስምንት ሳምንት ብለሻል። ሠርጉ እስኪደርስ የቀረኝ ስድስት ሳምንት ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሴቶቹ ሙሽራዋን ለማየት ይመጣሉ። ነገሩን አሰብኩበት። ሥሩ ቅባት ከሆነ፣ ቅባት የሚለቀው በእንዶድ ነው። ቅባት የያዘውን ጋቢ የሚያነጣ እንዶድ ፊት ማጥራት ምን ይሳነዋል? አስወቅጬ አረፋውን ጧትና ማታ እንድትታሽበት አዘዝኩ። የሻከረውንም በተረከዝ መፈግፈጊያ ድንጋይ ቀስ እያለች እንድታስተካክለው ነገርኳት።

ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። ወዙ ድራሹ ጠፍቷል። ቆዳዋ ደርቆ ክው ብሏል። ትንሽ ያቃጥላታል፤ ትችለዋለች። መጽሐፍ ያልጻፈውን እጅ ያውቀዋል።

ወረቀቱን አሁንም ላኪ። ከማን እንደሆነ አይጠይቁም፤ የሚያዩት ማኅተሙን ነው።

ይሄይስ


ላይፕዚግ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1978 ዓ.ም.

አያ ይሄይስ

ሰላምታዬን አሳጠርኩ፤ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ ዛሬ ነው የደረሰኝ።

እንዶዱን ዛሬውኑ ያስቁሙ። ድንጋዩንም ይጣሉት። እንዶድ ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይኗ ከገባ ደግሞ የከፋ ነው። የተላጠ ቆዳ እንደ ተገረፈ ሰው ነው፤ ዝም ያለ ቢመስል ከሥር ያብጣል፤ ወዙም ሲመለስ ብሶ ይመለሳል። ቀዝቀዝ ባለ ንጹሕ ውሃ ብቻ ትለቅለቅ፤ ምንም አትቀባ። ቆስሎ ከሆነ ሆስፒታል ሳይሄዱ አይደሩ፤ ስለ ሰልፉ አያስቡ።

የድኝ ቅባቱን አብሮኝ ከሚማር ልጅ ጋር ልኬያለሁ። ለገና ወደ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ ቡሬ ድረስ በአውቶቡስ ሰው እጅ ይልከዋል። ቁስሉ ፈጽሞ ሳይድን እንዳትነካው። ሲድን ማታ ማታ እንደ ቀጭን ጤዛ ብቻ ትቀባው።

የአያቴን መቃብር ጠይቄዎት ነበር። ዘንግተውት ይሆናል።

ያይኔአበባ


የካቲት 6 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለያይኔአበባ

እግዚአብሔር ያክብርሽ። ቅባቱ ደርሷል። ደብዳቤሽ የደረሰው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። የሆነውን በየተራው እጽፍልሻለሁ፤ አላሳምረውም።

በዘጠነኛው ቀን ፊቷ አበጠ። ዓይኖቿ ተደፈኑ። ከግንባሯና ከጉንጮቿ ቆዳው እንደ ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ከሥሩ ውሃ ያዘለ ቀይ ሥጋ ታየ። በዚያው ሳምንት ገላነሽ ከሁለት ሴቶች ጋር ሙሽራዋን ለማየት መጣች። ስንዱ ከጓዳ አልወጣም አለች። ገላነሽ መጋረጃውን ራሷ ገልጣ ገባች። ከደጅ ሆኜ እሰማለሁ።

«ይህ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«እንዶድ ነው፣ እትዬ።»

«እንዶድ? እንዶድ ለጋቢ ነው። ፊት ላይ ምን አመጣው? የሚታጠብ ነገር ቢኖር እንጂ።»

ያመጡትን ጠላ አብረውን ሳይቀምሱ እንደተከደነ ትተውት ሄዱ።

በማግሥቱ ስንዱን በበቅሎ አስቀምጬ እስከ መንገዱ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ፍኖተ ሰላም ወሰድኳት። አንቺ ስላዘዝሽ አይደለም፤ የተደፈኑ ዓይኖቿን ማየት አልቻልኩም። ክንፈሚካኤል የሚባል ጤና ረዳት አያት። ልጅ ነው፤ ጢሙ ገና ነው።

«አባት፣ ይህን ማን አደረገው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ምን ይሁን ብለው?»

«ወዙን ላስለቅቅ።»

«ከብጉር ያዳኗት መስሎዎት አቃጥለዋታል» አለኝ። ሰልፉ ሁሉ ሰማ። ያልተላጠውን ቦታ በጥጥ ነካት፤ ዓይኗን ጨፍና ሁሉንም አወቀች። እጆቿንና እግሮቿንም አየ። ሥጋ ደዌ የለባትም፣ ብጉርና የእንዶድ ቃጠሎ ነው ብሎ ጻፈልኝ፤ ማኅተም አደረገበት። ከአንቺ የለመንኩትን ወረቀት ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ አገኘሁት።

ወረቀቱን ይዤ ደምበጫ ሄድኩ። የእነሱ ሽማግሌ ባዬ ይባላል፤ ክፉ ሰው አይደለም። አነበቡለት፤ ሰማ፤ አጥፎ መለሰልኝ።

«ይሄይስ፣ እኔ እስካሁን ጤነኛ ነኝ የሚል ወረቀት ይዤ ዞሬ አላውቅም። አንተስ ከዚህ በፊት ዞረህ ታውቃለህ?»

«ሐኪም ነው የጻፈው» አልኩት።

«ሐኪም የዛሬን ያያል። እኛ የምንጠይቀው የትናንቱን ነው።»

መሐላ ነው የሚፈልጉት። በየካቲት ኪዳነ ምሕረት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ መስቀል ይዤ እስከ ሰባት ቤት በዘሬ እንደሌለ እንድምል። ከማልኩ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሆናል፤ ካልማልኩ ነገሩ ያበቃል። ዐሥር ቀን አለኝ።

ስንዱ ቁስሏ እየጠገገ ነው። ቀን ቀን ከእኔ ጋር ትቀመጣለች። አትወቅሰኝም። ወረቀት ከእንግዲህ አትላኪ።

ይሄይስ


ላይፕዚግ፣ መጋቢት 19 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለአያ ይሄይስ

ሰላም ለቤትዎ፤ ሰላም ለስንዱ ጤና። ይህ ደብዳቤ ሲደርስ የመሐላው ቀን እንዳለፈ አውቃለሁ። ቢሆንም ምናልባት አራዝመውት ከሆነ ብዬ እጽፋለሁ።

አያ፣ የአያቴን መቃብር ሁለት ጊዜ ጠየቅሁዎት፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሌላ ነገር ጻፉልኝ። ስለ እንዶዱ እንኳ ሳይሸሽጉ የጻፉ ሰው አንዲት የቤተ ክርስቲያን ስም የሚሸሽጉት በከንቱ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ከእንግዲህ አልጠይቅም። የምማረውን ብቻ ልንገርዎ። ሥጋ ደዌ በአጥንት አይወርድም። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ለብዙ ጊዜ አብሮ በመኖር ነው፤ አብረው ከኖሩትም ብዙዎቹ አይያዙም። መድኃኒትም አለው፤ ይድናል። ስንዱ ከታመመ ዘመዷ የወረሰችው ነገር የለም።

ስለዚህ ይማሉ። እንደዚህ ብዬ መጻፌ ያስቆጣዎት ይሆናል። እነሱ የሚጠይቁት በአጥንት የሚወርድ በሽታ አለ ወይ ብለው ነው፤ እንደዚያ ያለ በሽታ በዓለም ላይ የለም። የለም ብለው ቢምሉ ሐሰት አይደለም። ሐሰት ነው ካሉም ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን። ልጅቷ አንድ ሕይወት ነው ያላት።

ምንም ቢሆን ይጻፉልኝ፤ ዝም አይበሉኝ።

ልጅዎ ያይኔአበባ


ሰኔ 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለያይኔአበባ

በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይቀድምሽ። መልስ ያዘገየሁት ታምሜ አይደለም። የምጽፈውን ሳላውቅ ወረቀት ማበላሸት አልወድም።

ማል ብለሽኛል። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ካለፈ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢደርሰኝም አልምልም ነበር። የተጠየቅሁት ስለ አጥንት አይደለም። «በዘርህ ነበረ ወይ?» ነው የተባልኩት። ነበረ። እኅቴ እናኑ ነበረባት። በመጀመሪያው ደብዳቤ የለም ያልኩሽ ውሸት ነው። ወረቀት ላይ ዋሸሁ፤ መስቀል ይዤ ግን አልዋሽም።

የኪዳነ ምሕረት ዕለት ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ዋርካው ሥር ቆምን። መስቀሉን ቄሱ ሰጡኝ። ባዬ፣ «እስከ ሰባት ቤት በዘሬ የለም በል» አለኝ።

«እኅቴ እናኑ ነበረባት» አልኩ።

ባዬ መስቀሉን ከእጄ ተቀብሎ ለቄሱ መለሰና ወደ ጎን ወሰደኝ። በጣም ተቆጥቶ ነበር።

«ምን ያለህ ሰው ነህ? የእኅትህን ነገር የማያውቅ ሽማግሌ በዚህ አገር ያለ መሰለህ? እኔ ራሴ አውቃለሁ። የለም ብለህ ብትምል ኖሮ ሰማን ብለን እንሄድ ነበር። ማን ስሟን ጠየቀህ?»

«ታዲያ እያወቃችሁ ለምን አስማላችሁኝ?»

«ወሬውን እንድትዘጋው ነበር። አንተ በሩን ነቅለህ ጣልከው።»

እነሱ ከሐሰቴ ጋር ሊዛመዱ ተዘጋጅተው እንደነበር አላወቅሁም። ብዙ ዘመን ኖሬ ይህን ያህል አላውቅም ነበር።

መንበሩ ለእኛ የተላከውን ጥሎሽ አላስመልስም ብሎ ነበር ይላሉ፤ ልጁ ወዷት ነበር። አባቱ አስመለሱት። ከፋሲካ በኋላ ሌላ አገቡለት።

መቃብሯን ጠይቀሽኛል። እናኑ በንዳድ አልሞተችም። እናትሽ ገና ሕፃን ነበረች። የእናኑ ጣቶች ማጎንበስ ሲጀምሩ ባሏ አስወጣት፤ ወደ እኔ መጣች። እኔም ዓመት ካስቀመጥኳት በኋላ በበቅሎ ጭኜ ሁለት ቀን ሄጄ፣ ሕሙማን ከሚሰበሰቡበት አንድ ጠበል ቦታ አወረድኳት። የበቅሎዋን ልጓም ብቻ በመዳፏ ነካችው። በሁለተኛው ዓመት ስሄድ ሞታለች አሉኝ። የተቀበረችበትን ለይቶ የሚያሳየኝ ሰው አጣሁ። ስለዚህ ለተዝካሯ የምትልኪበት ቤተ ክርስቲያን የለም። ለእናትሽ ንዳድ ነው ያልኳት እኔ ነኝ። ይድናል ብለሽ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ደግሜ ግን አላነብበውም።

የተናገርኩት በአንቺም ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። የእሷ የልጅ ልጅ ነሽ። ተምረሽ ስትመጪ በዚህ አገር መድኃኒትሽን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ይህን ነው። ልሸሽግሽ አልፈለግሁም።

እንዶዱ የእኔ ጥፋት ነው፤ ከነገርሽኝ በላይ ስላወቅሁ ነው። መሐላው ግን ጥፋት አይደለም። ሁለቱን አታደባልቂብኝ።

አሁን ስለ ስንዱ። ቅባቱን እንዳልሽው ቁስሉ ሲድን ጀመረች፤ ማታ ማታ ቀጭን አድርጋ። ሁለት ወር ሞላው። ፊቷ ጠርቷል። ከግራ ጉንጯ ላይ ድንጋዩ የተወው ጠባሳ በቀር የሻከረ ነገር የለም፤ ወዙም ልክ ሆኗል። መማርሽ ከንቱ አይደለም።

ነገር ግን ያ ሁሉ በፊቷ ላይ እያለ ገልጣ ትሄድ የነበረች ልጅ፣ አሁን ውሃ ስትወርድ በነጠላዋ እስከ ዓይኗ ድረስ ትከናነባለች። ትናንት ጠራኋት።

«ምን የሚሸፈን ነገር አለ? ጠርቷል እኮ።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ታዲያ ይዩት።»

«ገልጬ ሄጄ ነበር። ማንም ፊቴን አያይም። እጄን ነው የሚያዩት፤ ጣቶቼን ይቆጥራሉ።»

እንስራዋን አንሥታ ሄደች። አሁን እጆቿም እንዲሸፈኑ ረዘም ያለ ነጠላ አስፈትላ አሠርታለች፤ ጥጡን የገዛሁላት እኔ ነኝ።

ይሄይስ ቢሰጥ